ፊታቸውን ያዞሩ ሳንቲሞች

የወንድሜ መኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ነበር የሚጮኸው። ከሳጉሬ ገብስ ጭኖ ወደ አዳማ ሲወርድ፣ አሰላ እኛ በር ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ እኔም የያዝኩትን ጥዬ ወጥቼ የብረቱን በር እከፍታለሁ። ለመግባት ጊዜ ባይኖረው እንኳ ሁለት ጊዜ ነፍቶ ያልፋል። ያን ማክሰኞ ማለዳ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ።

ወጣሁ። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። በሩን ስከፍተው ማጠፊያው እንደ ልማዱ ተንጫጫ፤ ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው። መኪና የለም። የሞተር ድምፅ የለም፣ የናፍጣ ሽታም የለም። አንድ ጋሪ በጉሙ ውስጥ አለፈ፤ ፈረሱን ሳላየው ኮቴውን ብቻ ሰማሁ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ፣ በረደኝ፣ ተራግሜ ተመለስኩ።

ወደ ሥራ ክፍሌ ስገባ የሳንቲም ሳጥኔ ክዳኑ ተከፍቷል። አርባ ሦስቱም ሳንቲሞች በፊታቸው ተደፍተዋል።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ሳንቲሞቹ ማውራት አለብኝ። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ፤ ሰው ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሱቄን ዘግቼ መሣሪያዎቼን ወደ እናቴ ቤት አምጥቻለሁ። የምንኖረው ሁለታችን ነን። ሚስት አላገባሁም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝን ሰው ሰዓቱን አልሠራለትም ነበር። የቀረኝ ሱስ የድሮ የእንግሊዝ ብር ሳንቲም መሰብሰብ ነው።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የእንግሊዝ ሳንቲም አርሲ ምን ይሠራል ይለኛል። ጣሊያንን ለማስወጣት ከመጣው ጦር ኪስ የቀረ አለ፣ ከዚያም በፊት ከኤደንና ከበርበራ በነጋዴ ስልቻ የገባ አለ። አብዛኛው ብር ሠሪ እጅ ገብቶ ቀልጧል። የተረፈው ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበት በሴቶች አንገት ላይ ኖሯል። በውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ብየዳ የነካውን ሳንቲም እንደ ውዳቂ ያዩታል አሉ። ይዩት። እኔ ማንጠልጠያ የሌለውን ነው የምጠረጥረው፤ ማንም አንገት ላይ ሳይተኛ እስከ ዛሬ የት ነበር እላለሁ።

የመጀመሪያዋን ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሳጉሬ ገበያ ላይ ጭነት ሲጠብቅ፣ ገብስ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ከአንገቷ በጥሳ ሰጠችው። «ኩኖ፣ እነሆ ውሰዳት በቃ» አለችው። «ይቺ ሴትዮ ስተኛም ስነሳም ታየኛለች።» በሳንቲሟ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ንግሥት ናት፤ አርጅታ፣ ከራሷ ላይ ሻሽ የመሰለ ነገር ወርዶ። የተቀረጸችው በጎን ስለሆነ ማንንም አታይም። ወንድሜ እየሳቀ ነበር የነገረኝ፤ እኔ ግን አሮጊቷ ምን እንዳየች አንዳንዴ አስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከየመንገዱ ያመጣልኝ ጀመር። ከጅጅጋ፣ ከድሬዳዋ፣ አንዴም ከሞያሌ። ሌሎቹን እኔ ከጮሌና ከአርቦዬ ብር ሠሪዎች የቁርጥራጭ ጣሳ ውስጥ ለቀምኩ። የነገሥታቱ ስም ዙሪያቸውን ተጽፏል፤ እኛ ቤት ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሻሽ ያሰረችው አለች፣ መላጣው ልጇ አለ፣ ጺማሙ የልጅ ልጇ አለ። በሳጥኑ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ላይ ለእያንዳንዳቸው ጎድጓዳ ቦታ ሠርቼላቸው፣ በዘመናቸው ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይተኛሉ። ማጠብ ክልክል ነው። የጎረቤት ሴቶች ሎሚና አመድ ይዘው ሊያነጹልኝ ሲመጡ እንደ ሌባ ነው የማባርራቸው፤ ያ ጥቁረት የሳንቲሙ ዕድሜ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የምታውቃቸው እናቴ ነበረች። ዓይኗን ግላኮማ ከወሰደባት ሰባት ዓመት አልፏታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጠገቤ ትቀመጥና አንድ በአንድ በመዳፏ አስቀምጥላታለሁ። በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። «ይቺ ሻሽ ያሰረችው ናት፣ ዛሬ ተኮሳትራለች» ትላለች። «መላጣውን አምጣው እስቲ፣ እንዴት አደረ?» ሳንቲሙን በጣቴ ጫፍ ላይ አድርጌ በሌላ ሳንቲም ነካ ሳደርገው የብሩ ጩኸት ረዘም ይላል፤ ብር የሌለበት ወዲያው ዝም ይላል። እሷ ከእኔ በፊት ነበር የምትለየው። ወንድሜ ሊያሾፍባት ብሎ የኒኬል ሳንቲም ሲያቀብላት፣ «አንተ ውሸታም» ብላ ትወረውርበታለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በእኛ ቤተሰብ ለቅሶ ሲገባ መስተዋትና ፎቶግራፍ ሁሉ ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። አባቴ የሞተ ጊዜ ሴቶቹ ሳሎን ያለውን ሁሉ ሲያዞሩ፣ ወንድሜ ዓይኑ እያበጠ ሥራ ክፍሌ ገባና ሳጥኑን ከፈተ። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ምን ታደርጋለህ ስለው፣ «እነዚህስ ፊት አይደሉም?» አለኝ። እናቴ ይህን ሰምታ በለቅሶዋ መሀል ሳቀች።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ማለዳ ሳንቲሞቹን በፊታቸው ተደፍተው ሳያቸው ወዲያው ትዝ ያለኝ እሱ ነበር። ገብቶ ሊያስደንግጠኝ ነው ብዬ ከበሩ ጀርባ ሁሉ ፈለግኩት። ከዚያ በድመቷ አሳበብኩ። ድመት አርባ ሦስት ሳንቲም ከየቦታው ሳታናጋ ስትገለብጥ አይቼ አላውቅም፤ ግን ሌላ ማሰብ አልፈለግኩም። መልሼ አቃናኋቸው።

እኩለ ቀን ላይ አጎቴ ከአዳማ ደወሉ። የወንድሜ መኪና ማለዳ ከአዋሽ ወዲያ በጅቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጧል። ሕይወቱ ያለፈው እዚያው ነው። ከእኛ በር ያን ያህል ርቆ።

እናቴን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ አዳማ ሚስቱ ጋ ወረድኩ፤ ቀበርነው። ከቀብር መልስ አጎቴ ለብቻ ጠሩኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ልባቸው ደግ፣ ትእዛዛቸው የማይታጠፍ። ሐኪሙ የእናቴ ልብ ድንጋጤ አይችልም ማለቱን ያውቃሉ። «አሁን አይነገራትም» አሉኝ። «ትንሽ ትጠንክር። እኔ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው መቅበር አልችልም።»

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰዉ እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። ያንን በር ከማንኳኳት የሚያድነኝ ማንኛውም ምክንያት ጥሩ ምክንያት ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ተባበረን። ጥቁር ለብሰው መጥተው በደስተኛ ድምፅ፣ «እንዴት አደሩ እማማ?» ይሏታል፤ አታይማ። የወንድሜ ሚስት ድምፅዋ ስለሚከዳት መደወል አቆመች። እኔ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሥራ አግኝቶ ሱዳን ድንበር ሄዷል፣ ስልክ አይሠራም እላለሁ። መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉ እለማመደዋለሁ። ግን አልጠየቀችኝም። በፊት ቀን በቀን «ደወለ?» የምትል ሴት፣ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አላነሳችም። ውሸቴ አፌ ውስጥ ቀረ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ይህን ያህል ደደብ ነኝ።

አንዴ ብቻ፣ ቁርስ ሳቀርብላት እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችኝ። ለሐዘን ያሳደግኩት ጺሜ ላይ ጣቶቿ ቆሙ። «ጺማሙን ንጉሥ ሆነሃል» አለችኝ።

«ምላጭ ጠፍቶ ነው» አልኳት።

«ይጠፋል አንዳንዴ» አለች።

በዚያው ሰሞን ነጠላዋን ገልብጣ መልበስ ጀመረች። ጥለቱን ወደ ላይ አንገቷ ጋ አድርጋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ያለ ስሕተት ስትሠራ የመጀመሪያዋ ስለነበር እርጅናው በረታባት አልኩ። «እማዬ፣ ተገልብጦብሻል» እልና አውልቄ አቃንቼ አለብሳታለሁ። በማግስቱም ተገልብጦ አገኘዋለሁ፣ አሁንም አቃናላታለሁ። እየቆየ የጠዋት ሥራዬ ሆነ።

የወንድሜ አርባ በሚወጣበት ቀን ማለዳ ሳጥኑን ስከፍት ሳንቲሞቹ ሁሉ በፊታቸው ተደፍተዋል።

ያን ጊዜ ድመቷ ሞታ ነበር። ክፍሉ ይበርዳል፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው አሮጌ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ይቆጥራሉ። አርባ ሦስት ጀርባ፣ ጋሻና ዘውድ ብቻ። ሻሽ ያሰረችውን ስገለብጣት የሆነ ሰው ከኋላዬ የሚያየኝ መሰለኝና ዞርኩ። ማንም የለም። ሳሎን እናቴ እንደ ሁልጊዜው ዝም ብላ ተቀምጣለች።

ሳጥኑን ሳሎን ወዳለው የእናቴ የጥንት ቁም ሣጥን አዛውሬ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በሰማንያው ቀን ከፈትኩት፤ ተደፍተዋል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለሳንቲም ሰብሳቢ ብነግር ያዝንብኛል፤ ጠበል አምጥቼ ረጨሁባቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ውሃ አይንካቸው ስል የኖርኩት ሰውዬ! መላጣው ግንባር ላይ ዛሬም የጠብታው ምልክት አለ። ምንም አልጠቀመም። በመንፈቁ አዳማ ወርጄ የወንድሜን ጸሎት አድርሼ ስመለስ፣ ቁም ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ውስጥ ግን ተገልብጠዋል።

ወንድሜ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። አልነገራችኋትም ብሎ የሚቆጣኝ መሰለኝ። ጉም ባለበት ማለዳ ከአልጋዬ ሳልወርድ ጆሮዬን ወደ መንገዱ አድርጌ እቆያለሁ፤ ጡሩምባው ደግሞ እንዳይጮኽ እፈራለሁ፣ ባይጮኽም እከፋለሁ። ለአጎቴ ደወልኩና እንንገራት አልኳቸው። ጾሙ ይለፍ አሉ። ጾሙ አለፈ። ክረምቱ ይውጣ አሉ። ክረምቱም ወጣ። እኔም አልገፋፋኋቸውም።

ሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። እናቴ ሳሎን በፀሐይ በኩል ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ያን ዕለት አቃንቼላታለሁ። «እማዬ፣ ለሰዓት ዕቃ አዳማ ደርሼ ልምጣ» አልኳት።

«ሂድ» አለችኝ። «ወንድምህን ሰላም በልልኝ።»

ዓመት ሙሉ ያልነካችውን ነገር እንዲህ እንደ ቀላል ስታነሳው፣ ዕቃ የረሳሁ መስዬ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄድኩ። ከፈትኩት። ሳንቲሞቹ ተደፍተዋል፤ የመጀመሪያው ጎድጓዳ ቦታ ግን ባዶ ነው። ሻሽ ያሰረችው የለችም።

ስዞር እናቴ መዳፏን ዘርግታለች። ሳንቲሟ እዚያ ናት፣ በፊቷ ተደፍታ። ሳነሳት ትሞቃለች፤ ለረጅም ጊዜ ጨብጣት ኖሯል።

«ይሄ ቁም ሣጥን ለሠርጌ የተሰጠኝ ነው» አለች። «ሁለተኛው ቁልፍ ምን ጊዜም ከመቁጠሪያዬ ጋር ነው። ምነው ብትጠይቀኝ?»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከዚያ ማክሰኞ። ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አንተም ሰምተሃል፤ በሩን ስትከፍት ብረቱ ሲንጫጫ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼሃለሁ።»

እኔ ዓመቱን ሙሉ ያን ድምፅ የሰማሁት በሕልሜ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

«እና ሳንቲሞቹን ያን ቀን ገለበጥሻቸው» አልኳት። ይህ ብቻ እንኳ ቢፈታልኝ ብዬ።

ራሷን በአይደለም ነቀነቀች። «የአርባው የኔ ነው። የሰማንያውም፣ የመንፈቁም፣ የዛሬውም የኔ ነው። ያን ማክሰኞ ግን አንተ ደጅ ሳለህ ግድግዳውን ይዤ ክፍልህ ገባሁ። ሻሽ ያሰረችውን ጨብጬ ልጽናና ብዬ ነበር። ስዳስስ ሳጥኑ ተከፍቷል፣ ሁሉም ተደፍተዋል። አባታችሁ የሞተ ጊዜ ማን እንደገለበጣቸው አውቃለሁ። ያን ጊዜ ነው ልጄ እንደሌለ ያወቅኩት።»

እኔ አላደረግኩትም፤ እሷም አላደረገችውም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ላስረዳ አልችልም፤ የሚያስረዳኝም አልፈልግም።

«ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ማን ነግሮኝ ላልቅስ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «መርዶ ያልተረዳ ሰው እንዴት ይጮኻል? ዕብድ ነው የሚሉኝ። ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። በየማለዳው ፀጉሬን ፈትቼ የበሩን ብረት አዳምጣለሁ። ማንም ሳያንኳኳ ሲቀር መልሼ እሠራዋለሁ። ሐዘኔን በምን ላሳይ? የማውቀውን አደረግኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። አንተ እየመጣህ አቃናህብኝ።»

ያን ጊዜ የሆንኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው፣ የስንቱን ቀብር የሸኘ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ሲያይ ሐዘን ላይ ናት እንዲል ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። በማጉያ መነጽር እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ የምፈልግ ሰው ነኝ። ለቅሶውን ከእሷ ለመደበቅ ስሯሯጥ፣ ለቅሶዋን በገዛ እጄ በየጠዋቱ አውልቄባታለሁ። ጉልበቷን አቅፌ አለቀስኩ። እሷ ራሴን ዳበሰችኝ እንጂ አላለቀሰችም።

«ነገ ማለዳ» አለች። «በሥርዓቱ። ዛሬ አይደለም።»

ለአጎቴ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ «እመጣለሁ» አሉ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከብረቱ በር ውጭ ቆምን፤ አጎቴ፣ የእናቴ የንስሐ አባት፣ የወንድሜ ሚስት፣ ዓመት ሙሉ በደስተኛ ድምፅ ሲያታልሏት የከረሙት ጎረቤቶች። ጉሙ ዛሬም ወርዷል። ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ።

«ምን ታደርጋለህ? ግባ እንጂ» አሉኝ አጎቴ በሹክሹክታ።

መንገዱን እያዳመጥኩ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ምንም አልጮኸም። በሩን ገፋሁት፤ ብረቱ ተንጫጫ።

የመኝታ ቤቷን አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች፤ ምንም እንደማታውቅ ሰው።

«እኛ ነን፣ እማዬ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ፀጉሯን ፈትታ ተቀምጣለች። አጎቴ መናገር አቃታቸው። ስለዚህ እኔ፣ ዓመት ሙሉ ከዚያ በር የሸሸሁት ሰውዬ፣ ፊቷ ተንበርክኬ ልጅሽ ሞቷል አልኳት። ከእኔ ላይ ሌላ ቃል ቀርቶ እንደሆነ የምታዳምጥ መሰለኝ። ከዚያ ጮኸች። ዓመት የቆየ ጩኸት ነበር፤ ልቧ የማይችለውን ሁሉ የቻለው ዝም ብላ በነበረበት ጊዜ ነው ለካ። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ስትነሣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳሁት፣ ጥለቱን በጣቴ ፈልጌ ወደ ላይ አደረግኩትና አለበስኳት።